ጠበል ቦታ ሄጄ የሕሙማንን ታሪክ ብሰበስብስ?

ጥያቄ፦ የሶሻል ወርክ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ እንጦጦ ጠበል የሚጠመቁ የአእምሮ ሕሙማንን ታሪክ ከራሳቸው አፍ መስማት እፈልጋለሁ። አማካሪዬ ግን “መጠይቅ አዘጋጅተሽ ቁጥር ይዘሽ ነይ፣ ታሪክ ጥናት አይሆንም” ይላሉ። ጓደኞቼ ደግሞ “በሰንሰለት የታሰረ ሰው ስታዪ ምን ልትሆኚ ነው?” ይሉኛል። ወንድሜም ታሞ ጠበል ከርሞ ስለነበር ነገሩ ለእኔ ሩቅ አይደለም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ርዕሱን እንዳትተዪው። አማካሪሽ ያሉትንም ግን ገፍተሽ አትጣዪው። እሳቸው የሚፈሩት ነገር አለ። ተማሪ ሜዳ ይወርዳል፣ ልብ የሚነካ ወሬ ለቃቅሞ ይመጣል፣ ከዚያ ምን እንደሚያደርገው ግራ ይገባዋል። እኔም ከማማክራቸው ተማሪዎች ጋር በየዓመቱ የምታገለው ከዚሁ ጋር ነው። ታሪክ ጥናት ይሆናል። ግን እንዲሁ አይሆንም፤ ጥያቄ ይፈልጋል፣ ሥርዓት ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተናጋሪውን የሚጠብቅ አጥር ይፈልጋል።

መጀመሪያ ቁጥሩ ምን እንዳደረገልን እንይ። ቡታጅራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው ጥናት ከ68,000 በላይ ሰዎችን ጠይቆ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለየ። ከዚያም ለዓመታት ተከታተላቸው። አብዛኞቹ ሲገኙ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ከ10 ዓመት ክትትል በኋላ የወጣው ውጤት ደግሞ ያስደነግጣል። የሞቱት ሰዎች ሊኖሩት ይችሉ ከነበረው ዕድሜ ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ አጥተዋል። ትልቁ ገዳይም ተላላፊ በሽታ ነበር። ማለትም መድኃኒት ያለው፣ ሌላው ሰው ታክሞ የሚድንበት በሽታ። ይህን ያለ ቁጥር ማንም አያውቀውም ነበር። እነዚህ ሰዎች ጠበል ቦታ ላይ ስታገኚያቸው ሳላቸውንም እግራቸው ላይ ያለውን ቁስልም እንድታይ የሚያደርግሽ ይህ ቁጥር ነው።

መጠይቅ ሲባል ብዙ ተማሪ የሚሮጠው ወደ ፒኤችኪው-9 ነው። እሱ ግን የድባቴ መለኪያ ነው። ጠበል ቦታ የምታገኚያቸው ብዙዎቹ ድምፅ የሚሰሙ፣ ሰው የሚያሳድዳቸው የሚመስላቸው፣ እንቅልፍ ካጡ የሰነበቱ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ አይሆንም። ደግሞም ይኸው መጠይቅ አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ሲፈተሽ መለያ ነጥቡ፣ ማለትም ድባቴ ሊኖርበት ይችላል የሚባልበት ድምር፣ 10 ሆነ። ከአዲስ አበባ ውጪ ጤና ጣቢያዎች ላይ ሲፈተሽ ግን 5 ሆነ። ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው። ሰው ስለ ጭንቀቱ የሚናገርበት መንገድ ነው የተለያየው። ለአማካሪሽ ይህን አንሺላቸው። ቁጥሩ ራሱ ትክክል እንዲሆን አስቀድሞ ሰውን ቁጭ ብሎ መስማት ያስፈልጋል። አንቺ የምትሠሪው ያንን የመስማት ሥራ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። “የሕሙማን ታሪክ” በጣም ሰፊ ነው። እንዲህ ብለሽ ከሄድሽ አንዱ የልጅነቱን፣ ሌላዋ የትዳሯን፣ ሦስተኛው የመንፈሱን ስም ይነግርሻል። መጨረሻ ላይ የማይገናኙ ወረቀቶች ይዘሽ ትቀሪያለሽ። እኔ ብሆን እንዲህ አጠበዋለሁ፦ አንድ ቤተሰብ ጠበሉን ከኪኒኑ ጋር እንዴት አድርጎ ያስኬደዋል? ማን ወሰነ? መቼ? ምን ሲሆን መድኃኒቱ ቆመ? ምን ሲሆን እንደገና ተጀመረ? ይህ ጥያቄ ትንሽ ይመስላል። ውስጡ ግን እምነትም፣ ገንዘብም፣ የቤተሰብ ጠብም፣ የሐኪም ቸልታም አለ። ሁሉም በራሱ ጊዜ ይወጣል።

ለዚህ እንጦጦ ጥሩ ቦታ ነው። እዚያ ጠበልና ኪኒን ተጋጭተው ቆይተው መስማማት የጀመሩበት ታሪክ አለ። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲስፋፋ ጠበል የሚጠመቅ ሰው ኪኒን መዋጥ የለበትም የሚል ሐሳብ ብዙ ሰው ይዞ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ ይቻላል ብለው በአደባባይ ተናገሩ። በአእምሮ ሕመም በኩልም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከእንጦጦ ማርያም አጥማቂዎች ጋር አብረው መሥራት ጀመሩ። ስለዚህ ትብብር የተጻፈ ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ፈልገሽ አንብቢው። ያልተነካ ጥያቄ ማግኘት ከፈለግሽ ሌሎች የሠሩትን ማወቅ የግድ ነው።

አጠያየቁን በተመለከተ አርተር ክላይንማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም አለ። የሰውን ባህል የሚያጠና አንትሮፖሎጂስትም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ያቀረባቸው ጥቂት ጥያቄዎች እስከ ዛሬ ያገለግላሉ። ሕመሙን ምን ትሉታላችሁ? ምን ያመጣው ይመስላችኋል? ለምን በዚያን ጊዜ ጀመረ? ምን አሳጣችሁ? ከሕክምናው ምን ትጠብቃላችሁ? ከሁሉ የሚያስፈራችሁ ምንድን ነው? የመጨረሻዋን አትዝለያት። እናት “የሚያስፈራኝ እኔ ስሞት ማን ያየዋል የሚለው ነው” ስትል ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ሁሉ ይቀየራል።

እኔ ግን ከእነዚህ ሌላ የምጨምራቸው አሉ፣ አጥብቄም እመክርሻለሁ። የሜዲካል ሂውማኒቲስ (ሕክምናን ከታሪክ፣ ከባህልና ከኪነ ጥበብ ጋር የሚያጠና ትምህርት) ተማሪዎቻችን ዛር፣ ቡዳ፣ መተት የሚል ነገር ሲሰሙ ጆሯቸው ይቆማል። ስለ እንጀራና ስለ ታክሲ ሲወራ ግን ማስታወሻ ደብተራቸውን ይዘጋሉ። ያሳዝነኛል። ምን በላችሁ ብለሽ ጠይቂ። የት ታድራላችሁ? የቤት ኪራዩን ማን ይልካል? ከአገር ቤት ስትመጡ ምን ሸጣችሁ መጣችሁ? መድኃኒቱን ባዶ ሆድ መዋጥ ምን ያደርጋል? እዚያ ያለች አስታማሚ ኪኒኑን በፌስታል ጠቅልላ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ልትይዝ ትችላለች። አውጥተሽ አሳዪኝ ከማለትሽ በፊት ስንት ሰዓት ላይ እንደምትሰጠው ጠይቂያት። ከጥምቀቱ በፊት ነው በኋላ? እሱ ያውቃል ወይስ በምግብ ቀላቅላ ነው? አጥማቂው ያውቃሉ? ጾም ከሆነ ጠዋት የሚዋጠው ወደ ከሰዓት ይዛወራል? መድኃኒቱ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ጠዋት ተነስቶ መጠመቅ ያቅተዋል? ሐኪም ቤት ካርድ ላይ “መድኃኒቱን በአግባቡ አይወስድም” ተብሎ በአንድ መስመር የሚጻፈው ነገር እዚህ ሙሉ ሕይወት ሆኖ ታገኚዋለሽ። ጽሑፍሽ ለሐኪምም ለካህንም የሚጠቅመው በዚህ በኩል ነው።

ስለዚህ መስክ አንድ የቆየ ነገር ላስታውስሽ። እ.ኤ.አ. በ1932 ሚሼል ሌሪስ የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ ጎንደር ተቀምጦ ነበር። መልካም አያሁ የሚባሉ የታወቁ የዛር ባለሙያ ዘንድ እየሄደ፣ በአስተርጓሚ እየታገዘ፣ ያየውን የሰማውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። የጻፈው ዛሬም ይነበባል፤ ትልቅ ሥራ ነው። እሱ የነበረበት ቡድን ግን በዚያው ጊዜ ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጥንታዊ ሥዕሎቹን አንስቶ ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ በምትኩ ቅጂ ሰቀለ። ጥናትና ዝርፊያ በአንድ ሻንጣ ሄዱ። አንቺ ሥዕል አትወስጂም። የሰው ሚስጥር ግን በስልክሽ ይዘሽ ትወጫለሽ። ስለዚህ ፈቃድ የሚባለውን ነገር እንደ ፎርማሊቲ እንዳታዪው።

ፈቃዱ ሁለት ቦታ ነው። አንዱ የዩኒቨርሲቲሽ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ሳይፈቅድ አንድም ሰው አትጠይቂ፤ “ለመለማመድ ነው” ብለሽም ቢሆን። ሁለተኛው ቤተ ክርስቲያኗ ናት። ደብዳቤ አጽፊ፣ ለደብሩ አስተዳዳሪ ስጪ፣ አጥማቂዎቹን ተዋወቂ። ነጠላሽን ለብሰሽ ሂጂ። ጋውን የሚባል ነገር ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ ጋውን ያየ ሰው ሐኪም መጣች ብሎ ያልሆነ ተስፋ ያደርጋል። ካሜራ አታውጪ። የአስተዳዳሪው ፈቃድ ግን የሕሙማኑ ፈቃድ አይደለም። ካህኑ “ነይ እሱን አናግሪው” ብለው እጁን ይዘው ቢያመጡልሽ፣ ያ ሰው እምቢ ማለት ይችላል? አይችልም። ብቻውን ሆኖ፣ በሌላ ሰዓት፣ እንደገና ጠይቂው።

የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ ፈቃድ መስጠት አይችልም የሚል አስተሳሰብ አለ። ስህተት ነው። የአብዛኛው ሰው አቅም ከቀን ቀን ይለያያል። ስለ ጥናቱ ቀስ ብለሽ ንገሪው፣ ከዚያ በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲነግርሽ ጠይቂው። ምን ልሠራ ነው የመጣሁት? እምቢ ብትል ምን ይሆናል? ነገ ሐሳብህን ብትቀይርስ? “እምቢ ካልኩ ከጠበሉ ያስወጡኛል” ካለሽ አልገባውም፤ እንደገና አስረጂ። ሁለቴ ሦስቴ አስረድተሽም ካልገባው ያን ቀን አታናግሪው። ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀቱ ይነበብለታል፣ ከጥናቱ ውጪ የሆነ ምስክር ባለበት በጣቱ ይፈርማል። አስታማሚው ቢስማማና ሕመምተኛው ፊቱን ቢያዞር፣ ፊቱን ማዞሩ በቂ መልስ ነው።

አሁን ብዙ ጊዜ ችላ የሚባል ነገር ልንገርሽ። ጠዋት በጥምቀቱ ሰዓት ሰው ይጮኻል። መንፈሱ ይናገራል። “እገሌ ነች የላከችኝ፣ በቡና ነው የገባሁት፣ ይህን ቤት አፈርሳለሁ” ይላል። ለተማሪ ይህ ወርቅ ይመስላል። አትቅጂው። ያ ሰው ያን ሰዓት ለአንቺ ፈቃድ አልሰጠም፤ ከሰዓት ራሱን ሲያገኝ ምን እንዳለ ላያስታውስ ይችላል። በዚያ ላይ “እገሌ” የተባለችው ሴት አለች። የባል እህት ልትሆን ትችላለች፣ ጎረቤት ልትሆን ትችላለች። በቡዳ ወይም በመተት የተጠረጠረ ሰው በሰፈሩ ምን እንደሚገጥመው ታውቂያለሽ፤ ይገለላል፣ ይደበደባል። አንቺ ስሟን ደብተርሽ ላይ ካሰፈርሽ ክሱን በጽሑፍ አጸናሽው ማለት ነው። በቃለ መጠይቅ መሀልም ተናጋሪሽ የሰው ስም ሲጠራ “ስሙን ይለፉት እማማ፣ ዘመድ ናት ቢሉኝ ይበቃኛል” በያት። ድምፅ ቅጂው ላይ ካለ ስትገለብጪ አውጪው። መጠበቅ ያለብሽ ፊትሽ የተቀመጠውን ሰው ብቻ አይደለም።

ስለ ሰንሰለቱ። ልታዪ ትችያለሽ። ጉራጌ ሶዶ ወረዳ በስኪዞፍሬኒያ (ድምፅ የሚያሰማ፣ ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) የታመሙ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ለምን እንደሚታሰሩ የተጠና ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ቤተሰቦቹ ጨካኞች አልነበሩም። ራሱን እንዳይጎዳ፣ ሰው እንዳይመታ፣ ጠፍቶ እንዳይቀር፣ ወደ ጠበል ወይም ወደ ሐኪም ለማድረስ ነው ያሰሩት። ከሁሉ በስተጀርባ ያለው ምክንያት የሚሠራ ሕክምና በአቅራቢያ ማጣት ነው። በጥናቱ የተጠየቁትም እስሩን ከሁሉ የሚቀንሰው ሕክምናን ማቅረብ ነው ብለዋል። ይህን አውቀሽ ከሄድሽ አስታማሚዋን በክስ ዓይን አታያትም። ማታ አጠገቡ ማን እንደሚተኛ፣ መቼ መቼ እንደሚፈታ፣ መጀመሪያ ያሰሩት ቀን ምን እንደተፈጠረ ትጠይቂያታለሽ። ይህን ሁሉ ብቻዋን የተሸከመች ሴት ብዙ ጊዜ ጠያቂ አጥታ ነው የምታገኚያት።

የታሰረውን ሰው ግን ታስሮ ሳለ አትጠይቂው። በዚህ ላይ ከእኔ ጋር የማይስማሙ ባልደረቦች አሉ፤ ድምፁ እንዳይታፈን ይላሉ፣ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። እኔ ግን ተነስቶ መሄድ የማይችል ሰው “እምቢ” ማለት ይችላል ብዬ አላምንም። ሰላምታ ስጪው፣ ስሙን ጠይቂው፣ ሰው መሆኑን አትርሺ። ለቃለ መጠይቁ እስኪፈታና እስኪረጋጋ ጠብቂ። ቁርጭምጭሚቱ ቆስሎ ካየሽ፣ ከበላ ከሰነበተ፣ ወይም ሲደበደብ ካየሽ ደግሞ ጥናቱን አቁሚ። ለአስታማሚው ተናገሪ፣ ከዚያም አስቀድመሽ ለያዝሽው ሐኪም ደውዪ። ይህ ሐኪም ማን እንደሆነ፣ ስልኩ ስንት እንደሆነ፣ አማኑኤል ሆስፒታል የትኛው ክፍል እንደሚቀበል ሜዳ ከመውረድሽ በፊት ወረቀት ላይ ተጽፎ ይለቅ። “መሞት እፈልጋለሁ” የሚል ሰውም ያጋጥምሻል። ያን ቀን፣ ከዚያ ሳትወጪ ለሰው ማስረከብ አለብሽ። “ለአማካሪዬ ነገ አሳውቃለሁ” አይሠራም።

መድኃኒት ጀምር፣ አቁም የሚል ምክር ግን ከአፍሽ አይውጣ። ስለ ጠበሉም ፍርድ አትስጪ። ከጠየቁሽ ሁለቱን አብረው የሚያስኬዱ ብዙ ቤተሰቦች እንዳሉ ንገሪያቸው፤ እውነት ነውና።

ስለ መረጃ አያያዝ አጭር ልበል። ስም መቀየር ብቻውን አይበቃም። “ከደብረ ታቦር የመጣች፣ መምህርት የነበረች፣ መንታ ልጆች ያሏት” ብለሽ ከጻፍሽ ደብረ ታቦር ያለ ሰው ሁሉ አወቃት። አንዱን ዝርዝር አጥፊ፣ ሌላውን አደብዝዢ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ አድርጎ ነው የሚያየው። ቅጂውን በቴሌግራም ለገልባጭ አትላኪ። በራሱ ጊዜ ወደ ኢንተርኔት የሚጭን ስልክ ከሆነ ያን ዝጊው። የምትችዪ ከሆነ ራስሽ ገልብጪው፤ ያደክማል፣ ግን ስትቀርጪ ያልሰማሽውን የምትሰሚው ያኔ ነው። ትንተናውን በአማርኛ ጨርሺ። ወደ እንግሊዝኛ የሚሄደው ጽሑፍሽ ውስጥ የምትጠቅሺው ክፍል ብቻ ይሁን።

ስንት ሰው ላናግር ትያለሽ ብዬ እገምታለሁ። ከ30 ሰው ጋር አንድ አንድ ጊዜ ከማውራት ከ12 ሰው ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ማውራት ይሻላል። በመጀመሪያው ቀን የሚነገርሽ ለእንግዳ የሚነገረው ነው። ከሳምንት በኋላ ስትመለሺ “ባለፈው ያልነገርኩሽ...” ብለው ይጀምራሉ። ለአማካሪሽም ይህን አስረጂ፤ ጥቂት ሰው ማናገር ስንፍና እንዳልሆነ፣ ወሬው መደጋገም እስኪጀምር ድረስ እንደምትቀጥዪ፣ የመረጥሻቸውም በጾታ፣ በመጡበት አካባቢና በቆዩበት ጊዜ እንደሚለያዩ ጻፊላቸው። ከተቻለም ከአጭር መጠይቅ ጋር አያይዢው፤ ዕድሜ፣ ከየት እንደመጣ፣ ከዚህ በፊት ሐኪም ቤት ሄዶ እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደሄደ። እሳቸውም ቁጥራቸውን ያገኛሉ፣ አንቺም ታሪኩን የምታስቀምጪበት መደብ ታገኛለሽ።

የወንድምሽን ነገር ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ከሌሎች ተማሪዎች ቀድመሽ የምታውቂው ነገር አለ። የአስታማሚን ድካም ማንም ሊያስረዳሽ አያስፈልግም። ግን በዚያው ልክ የሌላዋን እናት ወሬ እየሰማሽ የራስሽን እናት የምትሰሚበት ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ ሜዳ ከመውረድሽ በፊት የቤታችሁን ታሪክ ለራስሽ ጻፊው። ማን ምን አለ፣ ማንን ወቀስሽ፣ ምን አዳነው ብለሽ ታምኛለሽ። ይህ ወረቀት ለማንም አይታይም። ስትተነትኚ ግን አጠገብሽ ይኑር፤ ሰዎቹ ያላሉትን አንቺ ያልሽላቸው ቦታ እንዳለ ትፈትሺበታለሽ። ወንድምሽ የከረመበት ጠበል ያው እንጦጦ ከሆነ ሌላ ቦታ ምረጪ፤ አጥማቂዎቹ “የእገሌ እህት” ብለው ሲያውቁሽ ለአንቺም ለእሱም ጥሩ አይደለም። የእሱን ታሪክ መቅድምሽ ላይ ማስገባት ከፈለግሽ ደግሞ ፈቃዱን ጠይቂው። እህቱ መሆንሽ ፈቃድ አይሆንም። “አይሆንም” ካለሽ ይቅር፤ ያለ እሱም ጽሑፉ ይቆማል።

በቀን ከአንድ ሰው በላይ አታናግሪ። ከጨረሽ በኋላ የምትደውዪለት ሰው ይኑርሽ፣ ዝርዝሩን የማትነግሪው ግን ድምፅሽን ሰምቶ እንዴት እንደሆንሽ የሚያውቅ። እንቅልፍ ማጣት ከጀመርሽ ለአማካሪሽ ተናገሪ። ከሕሙማን ጋር የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ አያሳፍርም።

ጊዜውን በተመለከተ፦ በፍልሰታ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ጠበል ቦታዎች በሰው ይጨናነቃሉ። ያኔ ሂጂ፣ ግን ለመተዋወቅና ደብዳቤሽን ለመስጠት ብቻ። ኮሚቴው እስኪፈቅድልሽም ጊዜ ይሰጥሻል። ቃለ መጠይቁን ጥቅምት ላይ ብትጀምሪ ዝናቡ ያባራል፣ ግርግሩም ይቀንሳል፣ ከገጠር የመጡትንም ለአጨዳ ሳይመለሱ ታገኛቸዋለሽ።